በመልስ የመጣችው ዳይም

የኬስለር ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኦሃዮ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ዊኒፍሬድ ሩት ስትራውድ
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ኬስለር፣ የወፍጮ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 212
አሳዳጊ፦ አቶ ኤልስዎርዝ ስትራውድ (አያት)፤ ቃሉ መሰጠት ሲጀምር በጣቢያው አልነበሩም
ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ ኤፕሪል 26 ቀን 2019፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዴል ኮርኮራን
ጉዳዩ፦ የአቶ ኤልስዎርዝ ስትራውድ ንብረት የሆነች አሮጌ ሳንቲም ጠፍታ በአቶ ሜሪል ታትል ኪስ ውስጥ ስለመገኘቷ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት በሕግ ፊት የማምነው ጥፋት አለኝ። ረቡዕ ኤፕሪል 24 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በዶሪን ዳቦ ቤት ሁለት ዶናት በልቻለሁ። አንዱ ቸኮሌት የተቀባ፣ ሁለተኛው ስኳር የተነሰነሰበት ነበር። ድርጊቱን የፈጸምኩት ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ሆዴ ግን ባዶ ሆኖ ነው። ሳጅን ኮርኮራን «ዶናት መብላት ወንጀል አይደለም፣ ይኼ አይጻፍም» አሉኝ። የዶናቱ ዋጋ በምን እንደተከፈለ ሲሰሙ ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ አስረድቼ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ፤ ተጽፏል።

ከአያቴ ከአቶ ኤልስዎርዝ ስትራውድ ጋር መኖር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። አያቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሲሆን የኬስለር ሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበብ ሊቀ መንበር ናቸው። ክበቡ አሥራ አራት አባላት አሉት። ከሁሉም ታናሹ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ «ልጁ» ነው የሚሉት፤ ወንበር የሚያነሳሳውም እሱ ነው። በየወሩ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ሳንቲም በጠርዙ ብቻ ይያዛል፤ ፊቱን በጣቱ የነካ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ስሙ በክፉ ይነሳል። እነዚህ ሰዎች መቶ ዓመት ያለፈውን ሳንቲም የት ከተማ እንደተመታና ስንት እንደተመታ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የሰው ስም ላይ ግን እንዲህ አይደሉም። አያቴ እኔን ሲጠሩ መጀመሪያ «ዶሮቲ» ብለው ሟች ሴት አያቴን፣ ቀጥለው «ሊንዳ» ብለው እናቴን ያነሳሉ፤ እኔ ጋ የሚደርሱት በሦስተኛው ነው። ይህን የምናገረው ለመሳቅ ብቻ አይደለም፤ ለጉዳዩ ያስፈልጋል።

ጠፋች የተባለችው ሳንቲም ዳይም የምንላት ባለ አሥር ሳንቲም ናት። በ1916 ከብር የተመታች ስትሆን፣ በፊቷ በኩል ክንፍ ያለው ቆብ የደፋች ሴት አለች። በዚያ ዓመት ከፊላደልፊያ የወጡት ዳይሞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ያረጀች አንዲቱ አንድ ምሳ እንኳ በወጉ አትጋብዝም። በዴንቨር የተመቱት ግን ጥቂት ናቸው። ሁለቱን የሚለያቸው በጀርባዋ በኩል፣ ወደ ታች፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ የዴንቨር ምልክት መኖሯ ብቻ ነው። ምልክቷ ያለባት ዳይም ያገለገለ መኪና ትገዛለች። የአያቴ ዳይም ምልክቷ አለባት፤ ከሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ደግሞ እንደ ጭረት ያለ ትንሽ ጉዳት አለባት። አያቴ ዳይሟን በወጣትነታቸው ያገኙት ከጋዜጣ አዳይ ላይ በመልስ ነው፤ ይህን ታሪክ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ።

አቶ ሜሪል ታትል ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በክበቡ አርባ አንድ ዓመት ቆይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳውን ያሳለፉት የአያቴ ዳይም ምልክት በሙጫ የተለጠፈች ናት እያሉ ነው። እንዲህ ያለ ማጭበርበር መኖሩ እውነት ነው፤ አጭበርባሪ ሰው ከሌላ ሳንቲም ምልክት ፍቆ በፊላደልፊያዋ ላይ ይለጥፋል። ማክሰኞ ኤፕሪል 23 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በተደረገው ስብሰባ ቡና ሳድል ስለነበር የሚከተለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያቴ ዳይሟን አውጥተው ጨርቅ ላይ ሲያስቀምጡ አቶ ታትል «ኤልስዎርዝ፣ ዛሬም ያቺን ሙጫ ይዘሃት መጣህ?» አሉ። አያቴም «አንተ ሙጫ የምታውቀው ጥርስህን ስለምትለጥፍበት ነው» ብለው መለሱ። አቶ ታትል «ጥርሴ ከዳይምህ በላይ እውነተኛ ነው፤ ቢያንስ የሚነከስ ነገር ያውቃል» አሉ። ከዚያም ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ዳይሟን ረዘም ላለ ጊዜ አዩና በጠርዟ ይዘው በአያቴ መዳፍ ላይ መልሰው አስቀመጡ። ይህን አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ አይተናል። ሽማግሌዎቹ አላየንም ቢሉ አንቀላፍተው ስለነበር ነው።

በነጋታው ረቡዕ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ዝግ ስለነበር ቤት ነበርኩ። ሳምንቱ የሳንቲም ሳምንት ነው። በዚህ ሳምንት የክበቡ አባላት አሮጌ ግን ርካሽ የሆኑ ሳንቲሞችን ከተማው ውስጥ ይበትናሉ፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ። ዓላማው አንድ ልጅ በመልስ ውስጥ የመቶ ዓመት ሳንቲም አግኝቶ እንደነሱ እንዲለከፍ ነው። እስካሁን የተለከፈ ልጅ አላየሁም። ሳንቲሞቹን ለቅመው የሚያገኟቸው ራሳቸው አባላቱ ናቸው፤ አንዱ የበተነውን ሌላው እየፈለገ ሳምንቱን ሙሉ ከተማውን አጎንብሰው ሲዞሩ ይከርማሉ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ አያቴ ከኩሽና መደርደሪያ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አውርደው ሰጡኝ። በቆርቆሮው ውስጥ ርካሾቹ ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው በአራት ማዕዘን፣ ባለ መስኮት ካርቶን በስቴፕለር ሽቦ ታሽገው ይቀመጣሉ። «የላይኞቹን አሥር ውሰጂ። ካርቶኑን አውልቀሽ አንድ አንዱን በአሥር ቦታ በትኚ። አሥሩንም አንድ ቦታ አትጣይ፣ እንደሱ ስንፍና ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከቤታችን እስከ ዶሪን ዳቦ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ዶናቱ የሚወጣው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት በአሥር ቦታ መበተን የነበረብኝን ሳንቲሞች በአንድ ቦታ በትኛቸዋለሁ። ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ቀደድኩ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዶሪን «የስፌት ሽቦሽን ከዳቦዬ አጠገብ አንሺ፣ ሰው አፍ ውስጥ ሊገባ ነው» ስላሉኝ ባዶ ካርቶኖቹን ሰብስቤ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። አሥሩን ሳንቲምና የራሴን አንድ ዶላር ከፈልኩ። ወይዘሮ ዶሪን ሳይመለከቱ ወደ ገንዘብ መሳቢያው ጣሉት። ለእርሳቸው ሳንቲም ሳንቲም ነው፤ በዚህም ከአያቴ ጋር ተጣልተዋል።

ሐሙስ ኤፕሪል 25 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አያቴ ለቅዳሜው የክበቡ ትርኢት ሊዘጋጁ ባለ ቬልቬት ሣጥናቸውን ከፈቱ። በሣጥኑ ላይ «1916 ዴንቨር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዳይሟን ገልብጠው በማጉያ መነጽር አዩና ቁጭ አሉ። ምልክቷ አልነበረችም፤ በጉንጯም ላይ ጭረት የለም። አያቴ ሰው አይደሉም የምልባቸው ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን የአንድ እግር ጫማቸውን አስረው ሌላውን ሳያስሩ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ «ሜሪል ነው። ማክሰኞ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት ለውጧታል» አሉ። «አባባ፣ አቶ ታትል እኮ ጫማቸውን ለማሰር እንኳ ሁለት ሰው የሚፈልጉ ናቸው፤ በየት በኩል አስማተኛ ሆኑ?» አልኳቸው። «እሱን አታውቂውም» ብለው ለፖሊስ ደወሉ።

ዛሬ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ30 ላይ ሳጅን ኮርኮራን አቶ ታትልን ከቤታቸው እንዳመጧቸውና ሲጠየቁ ከሸሚዛቸው ኪስ በዳቦ ቤት ሶፍት የተጠቀለለች ዳይም እንዳወጡ እዚሁ ጣቢያ ሰምቻለሁ። ምልክቷም ጭረቷም አሉባት። እኔ ከአያቴ ጋር መጥቼ ነበር፤ አያቴ የዳይሟን ፎቶግራፍ ሊያመጡ ወደ ቤት ሲመለሱ እኔን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትተውኝ ሄዱ። የሳጅኑ በር ክፍት ነበር። ጆሮዬን መድፈን እችል ነበር፤ አልደፈንኩም።

ሳጅኑ ከየት እንዳመጧት ሲጠይቋቸው አቶ ታትል «ከዶሪን ዳቦ ቤት። ረቡዕ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ በቡናዬ መልስ» አሉ። ሳጅኑ «አቶ ታትል፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግርዎ ያምኑታል?» አሏቸው። «አላምነውም። ያገኘሁት ግን እንደሱ ነው» አሉ። ታዲያ ለምን ወዲያው አልመለሷትም ተባሉ። «ቅዳሜ በትርኢቱ መሃል፣ ሕዝብ እያየ፣ ‹ኤልስዎርዝ፣ ዳይምህን በዶናት ለውጠሃታል› ብዬ መዳፉ ላይ ላስቀምጥለት ነበር። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ደስታ ነው፤ ሦስት ቀን ብጠብቅ ምን አለበት?» አሉ። ሳጅኑ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። የሳጅኑ ሳል እንዲጻፍ ጠይቄ አልተፈቀደልኝም ነበር፤ አሁን ግን ገብቷል።

ከዚያ ሳጅኑ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው የሚከተለውን ተናገሩ። ዳይሟ አቶ ታትል ሁልጊዜ እንደሚሉት ሐሰተኛ ከሆነች ዋጋዋ አሥር ሳንቲም ነው፤ አቶ ታትል አሁኑኑ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እውነተኛ ከሆነች ግን ከባድ ስርቆት ስለሚሆን ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት ወደ ዐቃቤ ሕግ ይላካል። «ስለዚህ በደንብ አስበው ይንገሩኝ፤ የትኛዋ ናት?» አሏቸው።

እኔ በወንበሬ ላይ ሆኜ «ሙጫ ናት ይበሉ፣ ሙጫ ናት ይበሉ» እያልኩ አቶ ታትልን በሆዴ ለመንኳቸው። ሠላሳ ዓመት ያሉትን አንድ ጊዜ ቢደግሙት ነጻ ናቸው። እርሳቸው ግን «እውነተኛ ናት» አሉ። «ምልክቷ ከሳንቲሟ ጋር አብራ የተመታች ናት። ሁለት ቀን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ በፀሐይ አይቻታለሁ፤ የሙጫ ዳር የላትም። እስከዛሬ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጻፈው፣ ልጄ።» ሳጅኑ ሲጽፉ የብዕሩ ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

እኔ ዝም ብል ዶናቱ አይነሳም፤ አያቴም አያፍሩም። አቶ ታትል ግን እስር ቤት ይገባሉ፤ ያውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አያቴ ዳይም እውነት በመናገራቸው። በዚህ ምክንያት ተነስቼ በሩን አንኳኳሁና ቃል መስጠት እፈልጋለሁ አልኩ። ሳጅኑ ለአያቴ ስልክ ደውለው ፈቃዳቸውን ጠይቀዋል። አያቴም ስለ አቶ ታትል ክፋት ልመሰክር መስሏቸው «ትናገር፣ ሁሉንም ትናገር» ብለው ፈቅደዋል። እንግዲህ ሁሉንም እናገራለሁ።

አሥሩን ባዶ ካርቶን ከጃኬቴ ኪስ አውጥቼ ለሳጅኑ አስረክቤአለሁ። ከእነርሱ አንዱ ላይ በአያቴ እጅ ጽሑፍ «1916» ብቻ ተጽፎበታል፤ የፊላደልፊያ ተራ ዳይም ይመስላል። በጥጉ ላይ ግን በመርፌ ጫፍ የተሠራች የምታህል የእርሳስ ነጥብ አለች። ይህች ነጥብ አያቴ ውድ በሆኑት ሳንቲሞቻቸው ካርቶን ሁሉ ላይ አለች። ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ምን እንደሆነች ጠይቄአቸው «ዝንብ ነው» ብለውኛል። የእኛ ቤት ዝንቦች ዋጋ ያለው ሳንቲም መርጠው እንደሚያርፉ የገባኝ ያኔ ነው። ረቡዕ ዕለት ግን ዶናቱን እያየሁ ስለቀደድኩት ነጥቧን አላየኋትም፤ ያየኋት ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ኪሴን ስፈትሽ ነው።

ሁለተኛም የማምነው ነገር አለኝ፤ ይህኛው ቀልድ የለበትም። በገና ሰሞን አቧራ ስጠርግ ባለ ቬልቬቱን ሣጥን ያለ ፈቃድ ከፍቼ ዳይሟን በማጉያ መነጽር አይቻታለሁ። ያኔም ምልክት አልነበራትም። አያቴ ሠላሳ ዓመት ሲዋሹ የኖሩ መስሎኝ አዘንኩላቸውና ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገጣጥሞልኛል። አያቴ ሌባ ይመጣል ብለው አጥብቀው ያምናሉ። ስለዚህ ትልቅ ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ተራዋን ዳይም ያስቀምጣሉ፤ እውነተኛዋን ደግሞ የርካሽ ስም ሰጥተው ሌባ በማይነካው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይደብቋታል። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ተራ ዳይም ማክሰኞ የተቀየረች አይደለችም፤ ከገና በፊት ጀምሮ እዚያው ነበረች።

እንደ ግምቴ ማክሰኞ ከስብሰባው ሲመለሱ አያቴ ዳይሟን ለቅዳሜው ትርኢት ሣጥኑ ውስጥ ሊያስገቧት አስበው ነበር። እጃቸው ግን በለመደው መንገድ ወደ ቆርቆሮው ሄዷል፤ በካርቶኗ መልሰው አሽገው ያስቀመጧትም ከላይ ነው። ጠዋት «የላይኞቹን ውሰጂ» ያሉኝም እርሳቸው ናቸው። እኔ ለወይዘሮ ዶሪን ሰጠኋት፤ ወይዘሮ ዶሪን ከአንድ ሰዓት በኋላ ለአቶ ታትል በመልስ ሰጧቸው። ሳጅን ኮርኮራን በፊቴ ወደ ዳቦ ቤቱ ደውለዋል። ወይዘሮ ዶሪን ሽቦ በትኜ እንደነበር አረጋግጠዋል፤ ጨምረውም «ሜሪል ታትል ቡናውን ሳይጨርስ የወጣው በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶበት መስሎኝ በመስኮት ተከታትዬዋለሁ» ብለዋል።

ሌባ የለም። ከሌባ ሲደበቅ ከባለቤቱም የተደበቀ ንብረት ብቻ ነው ያለው። አያቴ ስለ ተራዋ ዳይም ለፖሊስ ያልተናገሩት ረስተው ይሁን አፍረው እኔ መመስከር አልችልም። እንደ እኔ አስተያየት ረስተዋል። ባለፈው ወር መነጽራቸውን ፍለጋ ምንጣፉን አስነስተውኛል፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሳንቲም የሚመዝኑባትን ሚዛን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አግኝቻታለሁ፤ ቅቤውን ደግሞ ያገኘሁት ሳንቲሞቹ በሚቀመጡበት ብረት ሣጥን ውስጥ፣ በካርቶን ታሽጎ…

በዚህ ጊዜ ሳጅን ኮርኮራን ብዕራቸውን አቁመው ከኋላዬ ወዳለው በር ተመለከቱ። ዞር ስል አያቴ ፎቶግራፉን በደረታቸው ይዘው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፤ ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር። እዚያው ክፍል ተቀምጠው የነበሩት አቶ ታትልም ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ አያቴ ዶሮቲን ሳይጠሩ፣ ሊንዳን ሳይጠሩ፣ በአንድ ትንፋሽ «ዊኒፍሬድ ሩት ስትራውድ» አሉ።

ቃሌ እዚህ ላይ ቆሟል። ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ከቅቤው በስተቀር አንድም ነገር ይውጣልኝ አላልኩም፤ ቅቤውም እንዲቆይ አያቴ ራሳቸው ፈቅደዋል። ሙሉ ስሜ በመዝገቡ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑንም አያቴ ጮክ ብለው አጽንተዋል። ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዊኒፍሬድ ሩት ስትራውድ

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዴል ኮርኮራን

ምስክሯ አካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ፣ ቃሉ ተነቦላቸው እውነት ነው ብለው የተቀበሉ አሳዳጊ ፊርማ፦ ኤልስዎርዝ ስትራውድ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ አሳዳጊው ለመፈረም ብዕር ኪሳቸው ውስጥ ፈልገው አጥተዋል። ያዋሷቸው አቶ ሜሪል ታትል ናቸው።